ያልሞላውን መስመር ዝለል

ሸዋ ሮቢት ላይ ኮምፒዩተር የተማረ ሰው ሁሉን ነገር ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። ማኅበሩ ቢሮ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የሁለት ሰው ስልክ፣ የአንድ ሰው ቴሌቪዥንና የቢሮው ቬንትሌተር እንድጠግን ቀርበውልኛል። ስልኮቹና ቴሌቪዥኑ አልሆኑልኝም። ቬንትሌተሩ ግን ሽቦው ብቻ ተነቅሎ ስለነበር መልሼ ስሰካው ተነሣ። በዚያ ሙቀት ቬንትሌተር ያስነሣ ሰው የሚናገረው ሁሉ ይታመናል። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ ተቀበሉኝ፤ ጣጣው የመጣውም በዚሁ ነው።

ማኅበሩ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ነው። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው ቦይ ከከተማው በታች ለሁለት ይከፈላል፤ ይህ የምጽፈው የሁለተኛውን ቦይ ነው። በዚያ ቦይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ማሾ የሚያለሙ ስልሳ የሚሆኑ አባወራዎች ነበሩ። አባወራ የምለው መዝገቡ እንደዚያ ስለሚል እንጂ አምስቱ ሴቶች ናቸው፤ ባል ሞቶባቸው ወይም ተፋትተው መሬቱ በስማቸው የዞረላቸው። ውሃው በየስምንት ቀኑ ይዞራል። ተራው የደረሰ ሰው በማሳው አፍ ላይ ያለውን አፈር በአካፋ ይከፍታል፤ ሰዓቱ ሲሞላ መልሶ ይደፍናል። ያለ ተራው የከፈተ ሰው ጠብ ፈልጎ ነው የሚባለው፤ በአካፋ የተፈነከተም አለ።

ተራውን የሚያስጠብቁት ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽርጣቸው ሁልጊዜ እስከ ጉልበት የረጠበ ሰው ናቸው። ዓርብ ዓርብ ሰው ከጁምዓ ሲወጣ ቦዩ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ቆመው የሳምንቱን ተራ በቃላቸው ይጠሩ ነበር። ወረቀት አልነበራቸውም። ስም ሲጠሩ ዓይናቸው ሰዉ ላይ ነው፤ የጎደለ ካለ «እገሌስ?» ብለው ይቆማሉ። ሴቶቹ እዚያ ባይመጡም ስማቸው ይጠራል፤ አንዱ ጎረቤት «እኔ እነግራታለሁ» ሳይል ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ይህ አሠራር ስንት ዓመት እንደቆየ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እኔ በዚያን ጊዜ ይህ ኋላቀርነት ይመስለኝ ነበር። ደጋ ላይ ካለ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ በጣርማ በር ቁልቁል ወርጄ፣ አንድ ዓመት ሥራ ፈትቼ እናቴ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ የተገኘ ሥራ ነው። የተቀጠርኩት መረጃ እንድይዝ ነበር። መያዝ አነሰኝና ማሻሻል አማረኝ። ተራውን የሚያወጣ፣ የሚያትምና ለየሰዉ በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ልሥራ አልኩ። የውሃ አባት ሰምተውኝ ሲያበቁ «እስቲ ይሁን» አሉ። «የቦይ ጠረጋውን ስም ግን እኔው ልያዘው።» የቦይ ጠረጋ ማለት አባሉ ሁሉ በየወሩ ወጥቶ ደለሉን የሚያወጣበት የግዴታ ሥራ ነው። እሱን ለእሳቸው ተውኩላቸው፤ የዓርቡ ጥሪ ግን ቀረ።

ስሞቹን የተየቡልኝ የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በሁለት ጣት ግን በሙሉ ልብ የሚተይቡ። በላቲን ፊደል እንዲያደርጉት የለመንኳቸው እኔ ነኝ። የገበሬው ባለ ቁልፍ ስልክ የኛን ፊደል ሲቀበል ባዶ ሳጥን ብቻ ደርድሮ ያሳያል። ሁለት ቀን ፈጀባቸው።

እኛ አገር ስም ሙሉ ለሙሉ አይጻፍም። ወይዘሮ ወ/ሮ ናት፣ ትምህርት ቤት ት/ቤት ነው። ገብረ ለሚለው ገ ብቻ ይቀርለታል፣ ከፊት መሐመድ ያለው መ ይሆናል፣ መካከሉ ላይ እዝባር ይጋደማል። የምናሳጥረው ቀለም ለመቆጠብ ይሁን ጊዜ አላውቅም፤ በሁለቱም ስንቆጥብ አላየሁም። ጸሐፊውም በላቲን ሲጽፉ ይህንኑ ልማድ ይዘው ሄዱ። ዋናው የእዝባር ቁልፍ አቧራ ገብቶበት ደንዝዞ ስለነበር በእሱ ፈንታ ባክስላሹን ይመታሉ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ ወደ ሌላ ጎን ነው የተጋደመው» ብያቸው ነበር።

«ያው ነው ልጄ፣ ሰው ያነበዋል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ሰው ያነበዋል። እኔም ያልኩት ለወሬ ያህል እንጂ አስቤበት አልነበረም።

የጸሐፊው ገጽ ሌላ መልክም ነበረው። በየአሥር ስሙ ባዶ መስመር ይተዋሉ፤ አንዳንድ ቦታ ርዕስ፣ አንዳንድ ቦታ «ከላይ የቀጠለ» የሚል ያስገባሉ። ፕሮግራሙ በእነዚህ ላይ እየተደናቀፈ ሲያሰለቸኝ አንድ ትእዛዝ ጨመርኩበት፦ አምስት ክፍል ያልሞላ መስመር ካገኘህ ዝለለው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የማሳ ስፋት፣ የቦይ አፍ፣ ስልክ። አምስቱ ካልተሟሉ መስመሩ እንደሌለ ይቆጠራል። የቀሩትን ከአንድ ጀምሮ አዲስ ቁጥር ይሰጣቸውና የሳምንቱን ውሃ በማሳቸው ስፋት ያካፍላቸዋል። ይህችን ትእዛዝ ስጽፍ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። ንጹሕ ሥራ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ዝርዝር ሲወጣ ስክሪኑ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። አንድ ቦታ ላይ ያለ ባክስላሽ ትርጉም አልሰጠኝም የሚል ነው። ቦታውን ሳየው በገብረ የሚጀምር የአንድ ሰው ስም ነበር፤ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ደህና ወጥቷል። ስለዚህ ተውኩት። ኋላ ስረዳው ፓይተን የጮኸው ምንም ላልሆነው ሰው ነበር። የሆነ ነገር ስለሆኑት ዝም ብሏል።

ወረቀቱን ቢሮው በር ላይ ለጠፍን፤ መልእክቱም ሄደ። በማግሥቱ አንድ ገበሬ አካፋውን እንደያዘ ቢሮ ገባ።

«ውሃዬን ማን በላው?»

ስሙ ዝርዝሩ ላይ የለም። ጸሐፊው በተየቡት ገጽ ላይ ግን አለ፤ ድርብ ስም ነው፣ የፊተኛው በአንድ ፊደል ያጠረ። ሰውየው ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ እየተነፈሰብኝ ስለነበር ምክንያቱን አልፈለግኩም። ስሙን ሙሉ አድርጌ ጻፍኩት፣ ፕሮግራሙን እንደገና አስኬድኩ፣ ቁጥር አሥራ አራት ሆኖ ወጣ። አዲስ ወረቀት ለጠፍኩ። እየተነጫነጨ ሄደ። ጋሼ አንድ ቦታ ተሳስተው ተይበው ይሆናል ብዬ ነገሩን ረሳሁት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነበር።

ሁለት ተራ እንዲህ አለፈ። ስሞታ የለም። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም ውሃው ከድሮው ረዘም አለ ብሎ አመሰገነኝ። ለምን እንደረዘመ አልጠየቀም፤ ትርፍ ያገኘ ሰው መቼ አቤት ይላል? እኔም አልጠየቅኩም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆሙ። ሃምሳ የሚጠጋቸው፣ ጥቁር ሻርፕ የለበሱ፣ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ የሆነ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ይግቡ እትዬ።»

«ጭቃ ነኝ፤ እዚሁ ልናገር። ከጠረጋው መዝገብ ላይ ስሜን እንድታወጪልኝ ብዬ ነው።»

ጠረጋው የውሃ አባት ጉዳይ እንደሆነ፣ ደግሞም ማንም አባል ከጠረጋ እንደማይቀር ነገርኳቸው። በድምፄ ውስጥ ትንሽ የቢሮ ሰው ነበረበት።

«እሱማ አውቃለሁ። ባለፈውም ሁለት ቀን ወጥቼ ጠርጌያለሁ፤ አላኮረፍኩም። ግን ውሃው ከቀረብኝ ጠረጋውም ይቅርልኝ። ወገቤ አላስችል ብሎኛል።»

«ውሃውን ማን አስቀረብዎት?»

«እናንተ ናችኋ። በሩ ላይ ለጥፋችኋል። ጎረቤቴን አስነበብኳት፣ ስምሽ የለም አለችኝ። በስምንተኛው ቀን ደግሞ አስነበብኳት፣ አሁንም የለም። ስልኩም አልጮኸ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልመጡም?»

ጥያቄዬ የገረማቸው መሰለኝ።

«ወስናችሁ መስሎኝ ነዋ» አሉ። «ባለቤቴ ከሞተ ዓመቱ ነው። መሬቱ በስሜ ሲዞር ያጉረመረመ ሁሉ ነበር። ያኔ ያልሆነላቸው አሁን ሆነላቸው አልኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ማሳቸው ላይ ምን እንዳለ ጠየቅኳቸው። ሽንኩርት ነው። ራስ የሚይዝበት ጊዜ ነው። ሽንኩርት በዚያ ጊዜ ውሃ ሁለት ተራ ካለፈው ከዚያ በኋላ ቢጠጣም ያው ትንሽ ሆኖ እንደሚቀር፣ አንዳንዱም እንደሚሰነጠቅ እኔም አውቃለሁ፤ የቆላ ልጅ ነኝ። ማንም አልወሰነም፣ ስህተት ነው፣ ዛሬውኑ አየዋለሁ አልኳቸው። «ኢንሻአላህ» ብለው ሄዱ። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

መዝገቡን ከጸሐፊው ተቀብዬ ፕሮግራሙ ካወጣው ዝርዝር ጋር ስም በስም አስተያየሁ። የጎደሉት አምስት ናቸው። አምስቱም ሴቶች ናቸው። ከዚያ ምክንያቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተን ውስጥ በጥቅስ ምልክት መካከል የተቀመጠ ጽሑፍ እንዳለ ይወሰዳል፤ ባክስላሽ እስኪመጣ ድረስ። ባክስላሽ ሲመጣ እሱ ራሱ ፊደል መሆኑ ይቀርና ከኋላው ያለውን ፊደልም ወደ ትእዛዝ ይለውጠዋል። ኤን ከሆነ አዲስ መስመር ጀምር ማለት ነው። ቲ ከሆነ ራቅ ብለህ ጻፍ ነው። አር ከሆነ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ ነው፤ የእኔ ፕሮግራም ይህንንም እንደ መስመር መጨረሻ ይቆጥረዋል። ጸሐፊው ወይዘሮን የጻፉት W\ro ብለው ነው። ስለዚህ በየሴቷ ስም ላይ መስመሩ ከሁለት ይሰበራል። አንዱ ቁራሽ ተራ ቁጥርና አንድ ፊደል ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ስምና ማሳ ይዞ ይሄዳል። አንዳቸውም አምስት አይሞሉም። የቀረውን የሠራችው ያቺ የተደሰትኩባት ትእዛዝ ናት። ያ አካፋ ይዞ የመጣው ሰውዬም ያጠረው ስሙ ከባክስላሹ በኋላ በኤን ስለሚጀምር ነበር የጠፋው።

ይህን የማላውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው፤ ፈተና ላይ መጥቶ አግኝቼዋለሁ። ዝርዝሩን ፕሮግራሙ ከፋይል እንዲያነበው ባደርግ ባክስላሹ ባክስላሽ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ግን የጸሐፊውን ገጽ ቀድቼ ፕሮግራሙ ውስጥ በጥቅስ መካከል ለጠፍኩት፤ ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በኛው ፊደል ተጽፎ ቢሆን እንኳ ፓይተን ሮን እንደ ትእዛዝ ስለማያውቃት ሴቶቹ አይጠፉም ነበር። ማስተካከያው ደግሞ አንዲት ፊደል ናት። ከጥቅሱ ፊት አር ማስቀመጥ ነው፤ ያኔ ፓይተን ከውስጥ ያለውን ምንም ሳይተረጉም እንዳለ ይወስዳል። አስቀመጥኳት። አምስቱም በየቦታቸው ወጡ። አፈርኩ። ይበልጥ ያሳፈረኝ ስህተቱ አይደለም። የጮኸብኝን ሰውዬ ስም ብቻ አርሜ መቀመጤ ነው።

ለጸሐፊው ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አሰቡ።

«ኔትወርክ ነው በያቸው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ኔትወርክ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ኔትወርክ ካልሽ ማንም አይቀየምሽም።»

ልክ ናቸው። በዚህ አገር ኔትወርክ ያልተሸከመው ጥፋት የለም፣ ተሸክሞም አያውቅም አልልም። ለአንድ ሰዓት ያህል ልለው አስቤ ነበር።

የውሃ አባት ከሰዓት በኋላ መጡ። አልደበቅኳቸውም። ባክስላሹን ሳይሆን የሆነውን ነገርኳቸው፤ አምስት ሴቶች ሁለት ተራ ከዝርዝር ወጥተዋል፣ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሁለቱ መሬታቸውን የእኩል ሰጥተዋል፤ የሚያርሱላቸው ሰዎች ወረቀቱን ሳያዩ በድሮው ልማድ እየከፈቱ አጠጥተዋል። ሁለቱ ማሾአቸው ደርቆ የሚለቀም ስለሆነ ውሃ አያሻቸውም። የቀሩት ባለ ሽንኩርቷ ናቸው።

«ዓርብ ብጠራው ኖሮ አንደኛው ቀን ላይ ይታወቅ ነበር» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ሥሩን አገኘሽው፤ እንግዲህ ሂጂና ራስሽ ንገሪያት። እኔ ነገ ያለኝን ተራ ለእሷ እለቃለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ዳር ሄጄ ከዚያ በቦዩ ጠርዝ ተራመድኩ። ውሃው ደርሶላቸዋል። እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በአካፋ ከትልም ወደ ትልም እያዞሩት ነበር። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ኋላ ሲነቀል ግማሹ ከዶሮ እንቁላል አልበለጠም፤ ከቀረውም ብዙው ተሰነጣጥቋል። ያን ጠዋት ግን ገና የሚተርፍ መስሎን ነበር።

«የመጣሁት ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ልነግርዎ ነው» አልኳቸው።

«የማሽኑ ነው ብለውኛል።» አካፋውን አላቆሙም።

«ማሽኑ ያልኩትን ነው ያደረገው።»

በዚህ ቀና አሉ። «ምን አልሽው?»

ያልሞላውን መስመር ዝለል ማለቴን፣ የእሳቸው መስመር ለምን ሳይሞላ እንደቀረ ነገርኳቸው። እንዳይሰለቻቸው ፈርቼ ላሳጥረው ነበር፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ጠየቁ። የትልሙ ዳር ላይ ቁጢጥ ብዬ በጣቴ ጭቃው ላይ ሁለቱን ሰረዞች ሣልኩላቸው፣ አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ የተጋደመ። ጎንበስ ብለው አዩዋቸው።

«ማሽኑ ወንድና ሴት ያውቃል እንዴ?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ከስልሳ ሰው አምስታችንን እንዴት ለቅሞ አወጣን?»

«ከስማችሁ ፊት ባለው ወይዘሮ ነው። ሲያጥር ይቺ ሰረዝ ትገባበታለች፣ መስመሩም እዚያ ላይ ይሰበራል።»

«ወንዶቹስ?»

«አቶ አያጥርም። ሁለት ፊደል ነው፤ ሰረዝ የለበትም።»

አካፋቸውን ጭቃው ላይ ተክለው እጃቸውን በላዩ አጣመሩ። ውሃው ትልሙን ሞልቶ ወደ እግሬ መምጣት ጀምሮ ነበር።

«እንግዲያው አቶ ብለሽ ጻፊኝ» አሉ።

አስተካክዬዋለሁ፣ ከእንግዲህ ወዲያ አይጠፉም፣ ሙሉውን ወይዘሮ ብዬም ልጽፈው እችላለሁ አልኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝ።

«ማስተካከሉን አስተካክይው» አሉ፣ ፊታቸው ላይ ሳቅ ሳይኖር። «እኔን ግን አቶ ብለሽ ጻፊኝ።»